ማማው ላይ ያለው ተጫዋች፦ የታንክ ውጊያን በቆርኪና በዳይስ ብቻን መጫወት

ማማ ላይ ወጥታችሁ ወፍ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ጎብዬና ቆቦ አካባቢ ያደገ ልጅ ይህን መጠየቅም የለበትም። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ማሸት ሲጀምር፣ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ መዋል የልጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ከማማው ላይ ሆናችሁ ሁለት ሰዎች አያችሁ እንበል። አንዱ በማሽላው በወዲህኛው ዳር ይመጣል፣ ሌላው በወዲያኛው። ጥቂት ከተራመዱ እርሻው ጥግ ላይ ፊት ለፊት ሊላተሙ ነው። እናንተ ይህን ታያላችሁ። እነሱ ግን አንዱ ስለ ሌላው ምንም አያውቁም፤ መሃላቸው ማሽላ ቆሟል።

ዛሬ የምናወራው ሰሌዳ ላይ ስለሚደረግ የታንክ ውጊያ ጨዋታ ነው፤ ያውም ብቻን ስለሚጫወቱት። ታዲያ ማማው ምን ቤት ነው ትሉ ይሆናል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ሁልጊዜ ማማ ላይ ነው።

ዳማ ብቻችሁን ሞክራችሁ ታውቁ ይሆናል። ቆርኪዎቹን ትደረድራላችሁ፣ አንዴ ለዚህ ወገን አንዴ ለዚያ ወገን ትጫወታላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ይሰለቻል። ለምን? ተጋጣሚ ስለጠፋ ብቻ አይመስለኝም። ያጠመዳችሁትን ወጥመድ ራሳችሁ ስለምታውቁት ነው። ቀኝ እጃችሁ ያሰበውን ግራ እጃችሁ ሰምቶታል። የብቻ ጨዋታ ትልቁ ችግር የሰው እጥረት ሳይሆን የዕውቀት ትርፍ ነው፦ ተጫዋቹ፣ ቆርኪዎቹ ማወቅ የማይገባቸውን ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ችግር ላይ አጥብቀው ካሰቡት መካከል የፕሩሲያ መኮንኖች ይገኙበታል። ፕሩሲያ በኋላ የጀርመን እምብርት የሆነች መንግሥት ናት። እ.ኤ.አ. በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ የተባለ ወጣት መኮንን ለሠራዊቱ ማሠልጠኛ የሚሆን የጦር ጨዋታ አቀረበ። እውነተኛ ካርታ ነበረው፣ ጉዳትን የሚወስን ዳይስ ነበረው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዳኛው ነበር። ሁለቱ አዛዦች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ። ሁሉን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ካርታው ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ወታደሮቻችሁ ሊያዩት የሚችሉት ጠላት ብቻ ነው፤ ኮረብታ ጀርባ ያለው አይታይም። ማለትም ማማው ላይ የወጣው ዳኛው እንጂ ተጫዋቹ አልነበረም።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ከጦር ትምህርት ቤት ወጥቶ ሱቅ የገባው ብዙ ቆይቶ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ «ታክቲክስ» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ጂም ደኒጋን የነደፈው «ፓንዘርብሊትዝ» መጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየትና በጀርመን መካከል የተደረገውን የታንክ ውጊያ የሚያሳይ ነው። ይህ ጨዋታ ውስጥ አንድ የሚገርም ስህተት ነበር። ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ስለሚጫወቱ፣ ታንኮች ከአንዱ ጫካ ወጥተው ገላጣውን ሜዳ አቋርጠው ሌላው ጫካ ይገቡ ነበር። ጠላት እያያቸው ምንም ማድረግ አይችልም፤ ተራው አይደለማ! የእሱ ተራ ሲደርስ ታንኮቹ ተደብቀዋል። ተጫዋቾቹ በዚህ ላይ ቀልድ አወጡበት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ፓንዘር ሊደር» በጠላት ተራ ላይም መተኮስን ፈቀደ።

በነገራችን ላይ የኛ የድሮው ሰንጠረዥ በዚህ ረገድ ይገርመኛል። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ጊዜ ወረራ ይባላል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ጠላት ተራችሁን እንደማይጠብቅ የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ከገባቸው ቆይቷል።

ለብቻ ተብለው የተነደፉ የታንክ ጨዋታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ፓተንስ ቤስት» አንድ የአሜሪካ ሸርማን ታንክ ከነአምስት ሠራተኞቹ ይሰጣችኋል። ጠላት ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያደርግ ዳይስና ሠንጠረዥ ይወስናሉ። ግን ውጭ የታተመ ሣጥን ማግኘት ቀላል አይደለም። ደግሞም አያስፈልግም። ካርቶን፣ ቆርኪና የሉዶ ዳይስ ካላችሁ እዚሁ አገራችን የሆነ ውጊያ መሥራት እንችላለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። የጎብዬ ልጅ ታንክ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጨዋታ አያስፈልገውም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ጦርነት በቅርብ ዓመታት አልፏል፤ ብዙ ቤትም የሞተበትን ያውቃል። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ያልፈለገ ሰው ካለ ይገባኛል። የመረጥኩትም የቅርቡን አይደለም፤ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆነውን ነው።

ደምበጉይና፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.

ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች በሦስተኛው ወር፣ የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ አቅጣጫ ገፋ። በማጆር ክሪኒቲ የሚመራ የኢጣልያ ኃይል ታንኮች ይዞ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ በደምበጉይና መተላለፊያ ከበቡት። ታንኮቹ መንገድ ሊከፍቱ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ተዋጊዎቹ ከጎንና ከኋላ እየቀረቡ፣ አንዳንዶቹም ላያቸው ላይ እየወጡ አሸነፏቸው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ጀግንነት ነበረ፤ ግን ሌላም ነገር አለ። ታንኩን ራሱን እንየው። ኤል 3 የሚባለው ትንሽ ታንክ ነው፤ ክብደቱ ሦስት ቶን ገደማ፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ገደማ። ከባጃጅ ያጥራል! ውስጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዛሬ ታንክ ስትሉ የምታስቡት፣ ዙሪያውን የሚሽከረከር ማማ ላይ የተተከለ መድፍ የለውም። መትረየሶቹ ከፊት ለፊት ተተክለዋል፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞሩትም ጥቂት ነው። ጎኑን መተኮስ ከፈለገ ታንኩ እንዳለ መዞር አለበት። በዚያ ላይ ሠራተኞቹ የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የዚህ ታንክ ጥንካሬ ሁሉ ፊቱ ላይ ነው፤ ጀርባው ዕውር ነው።

አሁን ሰሌዳውን እንሥራ። ካርቶኑን የማር እንጀራ በሚመስሉ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ሙሉት። ለምን አራት ማዕዘን አይሆንም? የዳማ ሰሌዳን አስቡ። ወደ ጎን አንድ ቤት ስትሄዱ ርቀቱ 1 ከሆነ፣ በሰያፍ አንድ ቤት ስትሄዱ 1.41 ነው። በሰያፍ የሚሄድ ወታደር በነፃ ተጨማሪ መንገድ አገኘ ማለት ነው። በባለ ስድስት ጎን ግን ስድስቱም ጎረቤቶች እኩል ይርቃሉ። ለዚህ ነው ብዙ የጦር ጨዋታዎች ንብ የሠራች የሚመስሉት።

ታንኩ ቆርኪ ይሁን፤ ፊቱ ወዴት እንደሆነ እንዲታወቅ አንድ ጠርዙን በእስክሪብቶ ቀለም ቀቡት። አንድ የበቆሎ ፍሬ አንድ የተዋጊዎች ቡድን ነው። ለጊዜው ታንኩ ቆሟል እንበል። በየዙሩ መጀመሪያ ታንኩ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ቡድኑ አንድ ቤት ይጠጋል። ቡድኑ ሦስት ቤት ርቆ ይጀምራል፤ በሦስተኛው እርምጃ ታንኩ ላይ ይወጣል። ታንኩ በአንድ ዙር አንድ ጎን ብቻ መዞር ይችላል። ፊቱ ቀጥታ ወደ ቡድኑ ከሆነ በዚያው ዙር ይተኩሳል፦ ሁለት ዳይስ ጣሉ፣ ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቡድኑ ወድቋል።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወራረድ አላቸው። ከእነዚህ 15ቱ 8 እና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ተኩስ የመምታት ዕድሉ 15/36፣ ማለትም 42 ከመቶ ገደማ ነው። ከአንድ ተኩስ የመትረፍ ዕድል ደግሞ 21/36 ወይም 7/12።

እንግዲህ ቡድኑ ከፊት ለፊት ቢመጣ? ታንኩ ሦስት ጊዜ ይተኩስበታል። ሦስቱንም መትረፍ አለበት፦ 7/12 በ7/12 በ7/12 ስናባዛ 0.2 ገደማ ይሆናል። ከአምስት ቡድን አንዱ ቢደርስ ነው።

ከኋላ ቢመጣስ? እዚህ ጋ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። ታንኩ ከጀርባው ወደ ፊቱ ለመዞር ሦስት ጎን ያስፈልገዋል፤ ሦስት ዙር ማለት ነው። ቡድኑም የሚደርሰው በሦስተኛው ዙር ነው። ታንኩ ገና በመጀመሪያው ዙር መዞር ከጀመረ፣ በሦስተኛው ዙር ልክ ሊያዙት ሲሉ ፊቱን አዙሮ አንዴ ይተኩሳል። አንድ ዙር ካመነታ ግን አለቀለት።

ታዲያ ታንኩ መቼ ይዞራል? የሚያጫውተው እናንተ ናችሁ። ቡድኑ ከኋላ እየመጣ መሆኑን ታያላችሁ፤ ማማ ላይ ናችኋ። እጃችሁ ወዲያው ሊያዞረው ይፈልጋል። ግን ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች አላዩም! ስለዚህ እጃችሁን ሰብስቡና አንድ ዳይስ ጣሉ። 5 ወይም 6 ከወጣ ሰዎቹ አንድ ነገር ሰሙ ወይም ጠረጠሩ፣ ታንኩ መዞር ይጀምራል። 1 እስከ 4 ከወጣ ምንም አያውቁም፤ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ትጥላላችሁ። ይቺ አንዲት ዳይስ የራይስቪትስን ዳኛ ተካች ማለት ነው። ስለ ጠላት ብልጠት ምንም አታውቅም። ሥራዋ እናንተ የምታውቁትን ከቆርኪው መደበቅ ብቻ ነው።

እናስላ። በመጀመሪያው ዙር የማወቅ ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ካወቀ አንዴ ይተኩሳል፣ የሚመታው ደግሞ በ5/12 ዕድል ነው። ስለዚህ ቡድኑ የሚወድቀው 1/3 በ5/12፣ ማለትም 5/36 ያህል ነው፤ 14 ከመቶ ገደማ። ታንኩን የመያዝ ዕድሉ 86 ከመቶ ሆነ ማለት ነው። ከፊት 20፣ ከኋላ 86! ሰዎቹ ያው ናቸው፣ መትረየሱ ያው ነው፣ የተለወጠው የመጡበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ እንደ ሌባ እንጫወት። ያቺን የማወቂያ ዳይስ ተዉዋትና ሁልጊዜ ታንኩን ወዲያው አዙሩት። ያኔ ታንኩ ሁልጊዜ አንድ ተኩስ ያገኛል፣ የቡድኑም ዕድል ወደ 58 ከመቶ ይወርዳል። ከ86 ወደ 58 ያወረደው ምንድን ነው? ጥይት አልጨመርንም፣ ብረት አላወፈርንም። ከእናንተ ጭንቅላት ወደ ቆርኪው የሾለከ አንድ መረጃ ነው። እውነተኛ አዛዦች በጦር ሜዳ ቃኚ ለመላክ፣ ኮረብታ ለመያዝ፣ ሬዲዮ ለመስማት ለምን ያን ያህል እንደሚደክሙ በዚህ ቁጥር ልታዩት ትችላላችሁ።

በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን በሰያፍ፣ ማለትም ታንኩ ሁለት ጎን መዞር በሚያስፈልገው አቅጣጫ ቢመጡስ? ይህን ለእናንተ ልተወው። ፍንጭ፦ ታንኩ በመጀመሪያው ዙር ካወቀ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፣ በሁለተኛው ካወቀ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ካወቀ ምንም። መልሳችሁ 69 ከመቶ አካባቢ ከመጣ ትክክል ናችሁ።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። 8ን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ 5ን እና 6ንም እንዲሁ። ማንም ሰው ደምበጉይና ላይ ቆሞ አልለካቸውም። ስለዚህ «86 ከመቶ» የታሪክ ቁጥር አይደለም፤ የሞዴላችን ቁጥር ነው። ሞዴል የሚጠቅመው ቁጥሩን እየለወጣችሁ የትኛው ለውጥ ውጤቱን እንደሚያናጋ፣ የትኛው እንደማያናጋ ስታዩ ነው። ሞክሩት፦ መትረየሱን አጠንክሩትና 8ን 6 አድርጉት። አሁን አንድ ተኩስ የሚመታው 26/36 ነው። ከፊት የሚመጡት ሊደርሱ የሚችሉት 2 ከመቶ ብቻ ሆነ፤ ከኋላ የሚመጡት ግን አሁንም 76 ከመቶ ይደርሳሉ። ፊቱን ብታጠነክሩት ጀርባው ብዙም አይፈወስም። ሁለተኛ ቆርኪ አምጥታችሁ ጀርባ ለጀርባ ብታቆሟቸው ግን የኋላው መንገድ ይዘጋል። ታንኮች እርስ በርስ እየተጠባበቁና እግረኛ ወታደር አስከትለው የሚሄዱበት ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ማሽላው እንመለስ። እስካሁን ሰሌዳችን ገላጣ ነበር። አሁን ጎብዬን አምጡበት፦ አንዳንድ ክፍሎችን አረንጓዴ ቀቡና ማሽላ በሏቸው። አንዱ ሌላውን ያያል ወይ የሚለውን ለማወቅ ክር ውሰዱ። ከአንዱ ክፍል መሃል እስከ ሌላው መሃል ወጥሩት። ክሩ አረንጓዴ ክፍል ካቋረጠ አይተያዩም። ማማ ካለ ደግሞ ሌላ ደንብ ጨምሩ፤ ማማ ላይ ያለ ሰው በማሽላው አናት ያያል፣ ከማሽላው ሥር የተጠጋውን ግን አያይም። ለምን እንደሆነ የማማ ልጅ ይነግራችኋል። ከዚያ ያንኑ ካርታ አጨዳ ካለቀ በኋላ ተጫወቱት፤ አረንጓዴው ሁሉ ገላጣ ሆነ። መሬቱ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ወሩ ግን ሌላ። በአረንጓዴው ካርታ ሦስት ቤት ርቃ ሳትታይ የምትደርስ የበቆሎ ፍሬ፣ በገላጣው ካርታ ከጫፍ ጀምራ ትታያለች። ሁለቱንም አሥር አሥር ጊዜ ተጫውታችሁ ውጤቱን ደብተር ላይ ብትጽፉ ራሱን የቻለ ትንሽ ጥናት ነው። አሥር ጊዜ ግን ጥቂት ነው፤ በአሥር ጊዜ ዕድል ሊቀልድባችሁ ይችላል። ሃምሳ ጊዜ ብትጫወቱ ቁጥሩ ይረጋጋል።

ሰሌዳው የማያውቀው ነገርም አለ፤ ይህን ሳልናገር ማቆም አልችልም። የኛ ጨዋታ ተዋጊዎቹ ታንኩን ሲይዙ ያልቃል፣ እኛም ደስ ብሎን ዳይሱን እንሰበስባለን። ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። በዚያው ታኅሣሥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ በተፈረመ ስምምነት የተከለከለ ነበር፤ ኢጣልያም ፈርማለች። ከፊት መጡ ከኋላ፣ ታዩ አልታዩ፣ ለጋዙ ልዩነት አልነበረውም። አቅጣጫን፣ ዕይታንና ጊዜን እያሰላን የሠራነው ደንብ ሁሉ ለዚያ ቀን አንዲት መስመር የለውም። በካርቶናችሁ ላይ በደቡብ በኩል ተከዜን ጨምሩና አውሮፕላን የሚሆን ቆርኪ አስቀምጡ። ከዚያ ደንቡን ለመጻፍ ሞክሩ። እኔ ሞክሬ ነበር፤ ስንት ዳይስ እንደሚጣል መወሰን አቅቶኝ ተውኩት።